የአንድ ሰው ሸራ

ነርሷ ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ባሏን ደህና በሆነው ክንዷ ይዛ፣ እየጎተተች ማለት ይቻላል፣ ወደ ሸራ ሰፊው ሱቅ ስታስገባው ገና ከበሩ ሳቋ ቀደማት።

"ጋሼ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ መቅዘፊያ እንዳትነኪ ብሎኛል። እኔም ክንዴ ከከዳኝ ንፋስ ይቅዘፍልን ብዬ መጣሁ!"

ሸራ ሰፊው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ "ጋሽ ንፋስ" ይላቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ፣ "ንፋስ እኮ እንደ አማች ነው ልጄ፤ ሳትጠሪው ይመጣል፣ ስትጠሪው ይጠፋል" አሉና በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ባልየው ግን ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ሸራዎች እያየ ዝም አለ።

እሷ ዝምታውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ባሏ መሬት ቀያሽ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ ነው። ምላሱ የሚፈታው ውሃ ላይ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ተፈታትቶ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ተጣጣፊ ጀልባ አላቸው። በእረፍት ቀናቸው አውቶቡስ ላይ ጭነውት ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፤ የዘንግ አጥንቱን ይገጣጥማሉ፣ ልብሱን ያለብሱታል፣ ከዚያ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ይቀዝፋሉ። እሱም ስለ አለቃው፣ ስለ እናቱ ሞት፣ ለማንም ስላልነገረው ፍርሃቱ ሁሉ ለጀርባዋ ያወራላታል። እሷ ፊቷን ሳታዞር ትመልስለታለች። ጓደኞቿ የትዳራቸውን ምስጢር ሲጠይቋት፣ "ሰው ሆድና ጀርባ ሲሆን ይጣላል፤ እኛ ሆድና ጀርባ ስንሆን ነው የምንፋቀረው" እያለች ታስቃቸው ነበር።

በኋላ ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ትከሻዋ ተሰብሮ ለወራት ቤት ዋለች፤ ጀልባውም ከአልጋው ሥር ተቀመጠ።

ጋሽ ንፋስ ከስፌታቸው ተነሥተው ያሳዩአቸው ጀመር። "ሸራ ስትመርጡ ትልቅነቱ አያጓጓችሁ። የተጣጣፊ ጀልባ አጥንት ቀጭን ነው፤ ትልቅ ሸራ ያጎብጠዋል። ክንፉ ደግሞ ይኸውላችሁ።" ክንፍ የሚሉት በአግዳሚ ዘንግ ከጀልባው ጎን የሚታሰረውን፣ እንዳይገለበጥ የሚይዘውን ተንሳፋፊ ነው። "ይኼ የእንጨቱ ለታንኳ ነው፤ ሻንጣ አይገባም። ለእናንተ በአየር የሚነፋው ይሻላል።"

"በአንድ ጎን ነው በሁለቱም?" አለች።

"በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ይፈጥናል፤ ግን ንፋሱ በዞረ ቁጥር ቶሎ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ጋደል ማለት ይፈልጋል። ያንቺ ትከሻ አይችለውም።"

"እንግዲያው በሁለቱም!"

"መልካም። ሁለታችሁ ከሆናችሁ የሸራውን ምሰሶ ከፊት ወንበሩ ፊት እንተክለዋለን። አንድ ሰው ከሆነ ግን የፊቱ ወንበር ይነሣና ምሰሶው በወንበሩ ቦታ ላይ ይቆማል።"

"የአንድ ሰው ይሁን" አለ ባልየው።

የተሳሳተ መሰላት። "እኔን ታዲያ ሻንጣው ውስጥ አጣጥፈህ ልትከተኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታየው ሳቋን አቋረጠች። ጋሽ ንፋስ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩና፣ ክር ልፈልግ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

"ባሕሩ ዳርቻ ወዳለው መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ" አለ ቀያሹ። "ጠይቄ ነው የተዛወርኩት። ብቻዬን ነው የምሄደው።"

"እዚህ ነው የምትነግረኝ? ሰው ሱቅ ውስጥ?"

"ቤት ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አቃተኝ።"

"ሌላ ሴት አለች?"

"የለችም።"

"ምነው በኖረች!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "የምረግማት አገኝ ነበር።"

እሱ የሸራውን ጠርዝ በጣቱ እያሸ፣ "በነዚህ ወራት ገበታ ላይ ፊት ለፊት ስንቀመጥ የምልሽ ነገር አጣሁ" አለ። "ሸራ ልግዛ ስትዪ ሰጋሁ። ውሃው ላይ ከወጣን እንደገና ደህና እንመስላለን። ስንመለስ ግን ያው ነን።"

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምታ ነበር፤ እንዲህ ሲወስዳት ግን አላወቀችም። በሐሰት ከሰሰኝ እንዳትል፣ የምሳውንም የራቱንም ዝምታ እሷ ራሷ ታውቀዋለች። ድካም ነው ብላ አልፋው ነበር እንጂ።

ሽማግሌው ከጓዳ ሲመለሱ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

"ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ከሆነ ሸራው ይነስ። ክንፉ ግን በሁለቱም ጎን ይሁን፤ ወሬ ሲይዝ ወደ ግራ ማዘንበል ልማዱ ነው። እሱ አይታወቀውም።"

"ተይው ልጄ፣ እሱ ይምረጥ።"

"የማውቀው እኔ ነኝ" አለች።

ሸራው ተሰፍቶ ያለቀ ዕለት፣ ሊሞክረው ሲወጣ አብራው ሐይቁ ዳር ወረደች። በደህና ክንዷ አጥንቱን ያዘችለት፣ እሱ ገጣጠመው። የፊቱን ወንበር ፈትቶ ሣሩ ላይ ሲያስቀምጠው ሁለቱም ወደዚያ አላዩም። ክንፎቹን ነፍተው አሰሩ። "ገመዱን አጥብቀው" አለችው፤ አጠበቀው።

ጀልባውን ገፋችለት። ንፋሱ ሸራውን ሲሞላው ሁለቱ ክንፎች ውሃውን እየቀደዱ ተከተሉት፤ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደ። መሀል ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን አወዛወዘላት። ስንት ዓመት አብራው ስትቀዝፍ ውሃ ላይ ፊቱን አይታው አታውቅም። እንደ ሕፃን ፈክቷል። ፊቱ እንዲህ እንደሚሆን ነግሯት አያውቅም። እሷም እጇን አነሣች፤ ከዚያ ሳትጠብቀው ዞራ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት፣ "እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ" አለቻት። ነርሷ ጠጋ አለች፤ ቦታውን ስትለቅላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሴትየዋ ምን ሆንሽ አላለቻትም። ነርሷ ጭን ላይ የነበረውን ቦርሳ ተቀብላ ያዘችላትና፣ አውቶቡሱ ከተማ እስኪገባ ድረስ ከጎኗ ተቀመጠች።