አሥራ አራተኛው ተራ ቁጥር

ታላቅ ወንድሟ ትርፍ አንጀቱን ሊያስወጣ ሆስፒታል በገባ ማግስት የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ላከላት። አብሮ የመጣው መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የገዛሁት አዲሱ ማሽን ላይ የፈለግሽውን ጫኚ።» ቁልፉን በእጇ ይዛ እንኳ ማመን አቃታት።

አይፈረድባትም። ሁለቱ የሰው ድረ ገጽ የሚያስተናግዱበትን ድርጅት ከከፈቱ ስምንት ዓመታቸው ነው። እሷ ገጾቹን ትሠራና በፍላሽ ትሰጠዋለች፤ እሱ ገጾቹ በሚኖሩበት ማሽን፣ በሰርቨሩ ላይ ይጭናል። ያንን ክፍል ከእሱ በቀር ማንም ረግጦት አያውቅም። ጠባቸውም ያው አንድ ነው፤ ማሽኑን በሚያሠራው ዋና ፕሮግራም፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጉዳይ እሷ ሊኑክስ ትላለች፣ እሱ ዊንዶውስ። ማሽኑ አርጅቷል፣ ሊኑክስ ይቀለዋል ብላ ከሦስት ዓመት በፊት የማዛወሩን ሥራ በአሥራ አራት ተራ ቁጥር ጽፋ ሰጠችው። ጋሽዬ ሆዬ ወረቀቱን ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፤ ያውም ዓይኗ እያየ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ወፍራም የዊንዶውስ መጽሐፍ መታ መታ ያደርግና፣ ሊኑክስ ጥቁር ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ለሚውል ሥራ ፈት ነው ይላል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም።

ዝምታውም አለቀባት። ባለፈው ሳምንት ሌላ ድርጅት ለመቀጠር ፈረመች፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። የስንብት ደብዳቤዋን ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አንብቦት ይሁን አይሁን አላወቀችም።

ክፍሉን ከፍታ ገባች። ገጾቹን ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ልትገለብጥ የአሮጌውን ስክሪን አበራችው። ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደላት። መጀመሪያ የተበላሸ መሰላት። ከዚያ ማሽኑ በምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ አንድ ትእዛዝ ጻፈች። የመጣው መልስ ሊኑክስ ይላል። የተጫነበትን ቀን ማሽኑን ጠየቀችው፤ ያን ወረቀት ለወንድሟ ከሰጠች ሳምንት ሳያልፍ ነው።

ክው ብላ ቀረች። ሰው ሲበዛባቸው ይዘጉ የነበሩት ገጾች ልክ በዚያ ሰሞን መዘጋታቸውን ትተው ነበር። ምን አድርገህ ነው ብላ ስትጠይቀው «ሜሞሪ ጨምሬበት ነው» አላት። እሷም አመነች፤ የዋህ!

ማሽኑን ራሱን ልታይ የተቀመጠበትን ካቢኔ ሳበች። በሩ ወለል አለና ከጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ታያት። የእሷ ጽሑፍ ነው፤ ጭምድዱ በእጅ ተዘርግቶ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ምልክት ተደርጎበት። አንዱ፣ ሁለቱ፣ እስከ አሥራ ሦስት። አሥራ አራተኛው ባዶ ነው፦ «ሁሉም ገጽ መከፈቱን አረጋግጠህ ንገረኝ።»

ደወለችለት።

«ጋሽዬ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው።»

«ነው፣ ሚጡ» አላት፣ በልጅነቷ ይጠራት በነበረው ስም። የቀዶ ሕክምናው ቁስል እንዳይስበው ቀስ እያለ ሁሉን ነገራት። ያን ቀን እሷ ስትወጣ ወረቀቱን ከቅርጫት አንስቶታል። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል እያደር አፉን ያዘው፤ ኋላማ ያንን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ማንሳት ራሱ አሳፈረው።

ልትቆጣ ፈለገች፤ ድንጋጤው ግን ለቁጣ ቦታ አልተወላትም።

«እኔ እኮ ፈርሜያለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ፤ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ቁልፉን የላክሁልሽ እንድትቀሪልኝ ብዬ አይደለም። ትክክል እንደነበርሽ ሳታውቂ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ እስክሪብቶ ፈልጋ አሥራ አራተኛው ላይ ምልክት አደረገች።