ሁለቱም «ይጠብቃል» ይላሉ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ «ኮምፒውተሯ» ነው የሚሏት። የበሽተኞች ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ የምትይዘው እሷ ናት። ዛሬ ግን በሽተኛው አባቷ ናቸው።

አባቷ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ባለጎማ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ቀዶ ሕክምናው በር ላይ ተራቸው ደርሷል። ዱሮ አንድ ማደንዘዣ ሊገድላቸው ሲል ለጥቂት ነው የተረፉት። የትኛው እንደነበር የሚያውቀው ፋይላቸው ብቻ ነው፣ ሰመመን ሰጪውም ያንን በዓይኑ ሳያይ መርፌ አያነሳም። ማን ይፈርድበታል? ቀዶ ሐኪሙ ነገ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። እሳቸው እስኪመለሱ ደግሞ የአባቷ ዕጢ አይታገስም። ፋይሉ ግን አልከፈት ብሏል።

«ኮምፒውተሩን የምታዘው እኮ ልጄ ናት» ይላሉ አባቷ ላለፈ ላገደመው ሁሉ። «አሁን ጠቅ ጠቅ ታደርግና ያልቃል።»

ኮምፒውተሯ ክፍሏ ውስጥ ላብ አጥምቋታል። መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠረች፤ ደህና ነው። ሰርቨሩም ደህና ነው። በመጨረሻ እየሠሩ ያሉትን ሥራዎች ስታይ፣ ሁለት ጥገናዎች ተያይዘው አገኘቻቸው። አንደኛው የተሰረዙ መዝገቦችን የሚያጸዳው ነው፤ መዝገቡን ቆልፎ፣ ፋይል የሚፈለግበትን ማውጫ ይፈልጋል። ሌላኛው ማውጫውን እንደ አዲስ የሚሠራው ነው፤ ማውጫውን ይዞ መዝገቡን ይፈልጋል፤ አንዱ ካልለቀቀ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሌላ ጊዜ ዳታቤዙ ራሱ ገላጋይ ሆኖ አንዱን ያስወጣ ነበር። ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዝም አላቸው። በሁለቱም ፊት ለፊት «ይጠብቃል» የሚል ተጽፏል። ቃሉ ጠብቆ ሲነበብ ወረፋ መያዝ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ እንደ ቋጠሮ መክረር። ሁለቱም ልክ ነበር።

ማን እንዳስነሳቸው ተመለከተች። ጽዳቱ በራሱ ሰዓት የሚነሳ ነው። ማውጫው አጠገብ ያለው ስም ግን የራሷ ነው።

ጠዋት አባቷን ደግፋ እንዳስገባች፣ ፋይላቸው ሳይንቀራፈፍ ይከፈትላቸው ብላ፣ የእሁዱን የማውጫ ሥራ ለዛሬ ያመጣችው እሷው ናት። ከጽዳቱ ጋር ይጋጫል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

የራሷን ሥራ አቋረጠችው። «እየመለሰ ነው» አለ ስክሪኑ። የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ እስኪያፈርስ የያዘውን አይለቅም፤ ማስቸኮልም አይቻልም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ማየት ብቻ ቀራት።

ነርሷ በሩ ላይ ቆመች። «ዶክተር እየጠየቁ ነው።»

«ትንሽ ነው፣ ሲስተር።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«አላውቅም።» እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ተናግራ አታውቅም። አለቅሳለሁ ብላ ፈራች።

ሐኪሙ የቻሉትን ያህል ታገሡ፤ ከዚያ በአባቷ ተራ ሌላ በሽተኛ አስገቡ፤ ለቀኑ የመጨረሻቸው ነው። በሩ ሲዘጋ እሷ እየሮጠች ኮሪደሩ ላይ ደረሰች። ወዲያው ከነርሶቹ ጠረጴዛ «ፋይሉ ተከፈተ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አላልኳችሁም?» አሉ አባቷ፣ ከንፈራቸው ደርቆ። «የኔ ልጅ እኮ ናት!»

አልጋ ገፊው ሊነግራቸው አልደፈረም። አንገቱን ደፍቶ አልጋውን ወደ መኝታ ክፍሉ አዞረው። እሳቸው ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚገቡ መስሏቸው እጇን ያዙ።

«እናቴ፣ ስወጣ ውጭ ትጠብቂኛለሽ አይደል?»

«እጠብቅሃለሁ፣ አባዬ» አለች።