የተበላሹት ሰማዮች

ታሪክ ሳወራ ሰው ሁሉ «ጀመረው ደግሞ» ይለኛል። ከዋሸሁ የተማርኳት ፊደል ትጥፋብኝ፤ ብዙ አይደለችም፣ ግን ያለችኝ እሷው ነች። ታሪኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

የምንሠራው ከጎማ ጠጋኝ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራችን የጥንት ጃፓኖችን ስዕል መገልበጥ ነው። እነሱ ስዕሉን እንጨት ላይ ቀርጸው፣ እንጨቱን ቀለም እያስነኩ ወረቀት ላይ ያትሙት ነበር። እኛ መቅረጫም ማተሚያም የለንም፤ ሁሉም በብሩሽ ነው። ስለዚህ ብሩሹ እንጨት ነኝ ብሎ መዋሸት አለበት። እኔን የቀጠሩኝም ለዚሁ ነው እያሉ ይስቁብኛል። የኔ ድርሻ ከስዕሉ ጥግ ያለችውን ቀይ ማህተም መሥራት ነው። ምን እንደምትል አላውቅም። ስድብ ብትሆንም፣ እስካሁን ስንት ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የተቆጣ እንግዳ አልሰማሁም።

ሰማዩን የሚቀባው ጋሼ ሰማይ ነው። ወረቀቱን ያረጥብና ሰፊውን ብሩሽ በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል፤ ከላይ ድፍን ሰማያዊ የነበረው እየሳሳ፣ እየሳሳ ወርዶ የት እንዳለቀ ሳታውቀው ባዶ ወረቀት ይሆናል። አንድ ቀን እንዲደርቅ መስኮት ላይ ያቆመውን ሰማይ አንዲት እርግብ እውነት መስሏት በግንባሯ ገጭታው ወደቀች። ውሃ ረጭቼ ያነቃኋት እኔ ነኝ።

መስመሩን የምታወጣው ደግሞ ሚስቱ ነበረች፣ እትዬ መስመር። ተራራውን፣ ድልድዩን፣ ጃንጥላ የያዘችውን ሴት በቀጭን ጥቁር መስመር ትጨርስና ወረቀቱን ወደ እሱ ትገፋዋለች። ከሁለቱ እጅ ሳይገባ ከዚያ ክፍል የወጣ ስዕል የለም።

ታዲያ አንድ ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ሰማይ ሰው ያስተክዛል» ብሎ ሲያደንቅ ጋሼ ምስጋናውን ብቻውን ጠቅልሎ ወሰደው።

«መስመሩስ?» አለችው ደንበኛው ሲወጣ።

«መስመርማ ማንን ያቅተዋል?» አላት።

ቀልዴን ነው አለ በኋላ። ቀልድ አውቃለሁ፤ ያ ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደብ ወዳለበት ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች።

አሠሪያችን በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ፈለገ። የመጡት ሁሉ ተራራ ሥሩ ሲባሉ የተደፋ ድስት ይሠራሉ። ሲቸግረው ለእሷው ላከባት፤ እሷም እዚያው ሆና መስመሩን ብቻ እያወጣች ወረቀቱን ጠቅልላ በአውቶቡስ ትልክልን ጀመር። ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ። ጋሼ ጥቅሉን ሲፈታ ማየት ነበር። ጣቱ ሳይነካው ከመስመሩ በላይ በላይ ይሄዳል።

«ይቺን ስትሠራ አሟታል» ይለኛል። «እጇ ከብዷል፣ አየህ? ይቺን ግን ጠዋት ነው የሠራቻት፣ ደስ ብሏት።»

«ደውልላታ፣ ጋሼ።»

«ምን ብዬ?»

«አንተ ሃሎ በል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስድብ እሷ ትሞላዋለች።»

«አንተ ምን አለብህ» ብሎ ወደ ብሩሹ ይመለሳል።

ከዚያ ሰማይ ማበላሸት አመጣ። ተኝቶ ቢቀባ እንኳ የማይሳሳተው ሰውዬ፣ ብሩሹን መሃል ላይ እያቆመ እንደ ሻይ ጠብታ ያለ እድፍ ይጥላል። የተበላሸ አይሸጥም፤ ሌላ ይታዘዛል። እርጅና ነው ተባለ፣ ዓይኑ ነው ተባለ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት ሲቀር ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በተበላሹት ወረቀቶች ተሸፍኗል። ጠጋ ብዬ አየሁ። እድፉ ሁሉ ሰማዩ ላይ ነው፤ መስመሩን አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

«ሆን ብለህ ነው» አልኩት።

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና «ሌላውማ እየተሸጠ ይሄዳል» አለኝ። «እኔ ጋ ምን ይቀራል?»

እኔ ወሬ ሳልጨምር ማሳደር የማልችለው ሰውዬ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሠሪያችን ግን የከሰረውን ያውቃል። አንድ ጠዋት የእሷን ጥቅል ሳይፈታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና «ይቺ ሴትዮ የምትልከው ወረቀት ውሃ አይችልም» አለ። «ከዛሬ ወዲያ ከሷ ጋር ሥራ የለኝም።»

ጋሼ ዝም ቢል በሱ ጥፋት እሷ ሥራዋን ታጣለች፤ እሱም መስመሯን ዳግም አያይም። ቢናገር ደግሞ ወንበሩ ይሄዳል። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አለቅልቆ ሳይጨርስም ተናገረ።

«ወረቀቱ ደህና ነው። የማበላሸው እኔ ነኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«መስመሯን ላስቀር ብዬ።»

አሠሪያችን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስማኝ ወንድሜ» አለ። «እኔ ወረቀት እየገዛሁ ያንተን ናፍቆት አልቀልብም። ወይ ሂድና ታረቃት፣ ወይ የቤት ግድግዳ ቀብተህ ብላ።»

በዚያ ሳምንት ጋሼ አንድም ሰማይ አልቀባም። ከጥግ ተቀምጦ ቀጭኑን ብሩሽ ይዞ መስመር ሲሞክር ሰነበተ። አንድ ድልድይ ሠራ። እንዲያ ያለ ድልድይ ላይ ፍየልም አታልፍ።

«የምወስድላት ይሄን ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከሰማዮችህ ደህናውን ብትወስድላት አይሻልም?»

«ሰማዬንማ ታውቀዋለች።»

ወረቀቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ይህ የሆነው ትናንት ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሼ ነው።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ምንም። ወረቀቱን ተቀብላኝ ይዛው ገባች» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ዘጋችው?»

«ገርበብ ነው።»

ያኔ ከውስጥ የእትዬ መስመር ድምፅ መጣ፦ «ይሄ ድልድይ ጠጥቷል እንዴ?»

እንግዲህ የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ድምጿን ብቻ እኔ ጨመርኩ። በስልኩ የሰማሁት የጋሼን ትንፋሽ ነው። ከበሩ ወዲያ ወረቀቱ ኮሽ ይል እንደሆነ፣ የጋሼ ስልክ ሂሳብ እስኪያልቅ አብረን አዳመጥን።