ስልኩ የላከው ዜሮ

"ኧረ ግቢ፣ ልትታመሚ ነው!" አለ አቶ ዜሮ፤ እሱ ራሱ ግን ከሚስቱ ብሶ በስብሷል። ሁለቱም የዝናብ መለኪያ ጣቢያው ግቢ መሃል ቆመው እንደ ልጅ ይስቃሉ። በዚህ በረሃ የዓመቱ ዝናብ ሁሉ ቢጠራቀም የሰው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ዛሬ ግን ሰማዩ የተቀደደ ይመስላል።

ዝናቡ ሲያባራ መስኮቱ ላይ የተወው ስልክ ጮኸ። ጠጋ ብሎ አየው። የዘጠኝ ሰዓቱ ሪፖርት ተልኳል፤ "ዝናብ፦ ዜሮ"።

ሳቁ ቀጥ አለ። በየሦስት ሰዓቱ የመለኪያውን ጣሳ አይቶ ቁጥሩን መላክ ሥራው ነው። ቅጽል ስሙንም ያወጡለት የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ከዜሮ ሌላ ልኮ ስለማያውቅ። አምና ሰለቸውና ስልኩ ዜሮዋን ሰዓት ጠብቆ በራሱ እንዲልክ አደረገ። እሱ ጋደም ይላል፣ ስልኩ ይሠራል፤ ማንስ ያውቅበታል?

ሮጦ የጣሳውን ውሃ ወደ መለኪያው ብርጭቆ ገለበጠ። አርባ አንድ ሚሊሜትር። ይህ ውሃ ድንጋዩ ውስጥ አይሰርግም፤ በደረቁ ወንዝ ተንደርድሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት ታች ከተማ ይደርሳል። ወንዙ ውስጥ አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች አሉ፣ በመካከላቸውም ሻይ የምትሸጥ ታናሽ እህቱ። እዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይጠረጥሩም።

ደወለላት። አታነሳም። ደገመ። አታነሳም።

"ስልኳን ሁሌ እቤት ነው የምትተወው" አለች ሚስቱ። "ለቢሮው ደውል፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑን ይንፉ።"

"ዜሮ ልኬ?"

"መለኪያው ተበላሽቶ ነው በላቸው። ጡረታህ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ሜዳ ላይ እንዳንወድቅ።"

"ተበላሸ ካልኩማ ባለሙያ ልከው ነው የሚያጣሩት። ጎርፉ ይጠብቃቸዋል?"

የቢሮው ኃላፊ ወዲያው አነሳ። "አቶ ዜሮ! ምነው፣ ዝናብ መጣ ልትለኝ ነው?"

"አርባ አንድ ሚሊሜትር! ሳይረኑን ያስነፉ፣ ጌታዬ፣ አሁኑኑ!"

"ቀልደኛ! ዜሮህ ከደረሰኝ እኮ አሥር ደቂቃ አልሞላውም። ባለፈው በባዶ የሳይረን ጩኸት ከተማው ሲተራመስ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።"

"ዜሮውን የላከው ስልኩ ነው። ዓመት ሙሉ በራሱ ሲልክ ነው የኖረው፣ እኔ ጣሳውን አይቼው አላውቅም። ሻይ የምትሸጠው እህቴ ወንዙ ውስጥ ናት!"

በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ተንኳኳ፣ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳይረኑ በስልኩ ውስጥ ጮኸ። አቶ ዜሮ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

"እየወጡ ነው" አለ ኃላፊው ተመልሶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ከመስኮቱ ይታዩኛል። ሻይ ሻጯም ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ዳገቱን ይዛለች።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ፣ ቅድም መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። መለኪያው ተበላሽቶ ነው ያልከኝ፣ አይደል?"

ሚስቱ ክንዱን ጨብጣ በዓይኗ ለመነችው። "አዎ በል" አለችው በሹክሹክታ።

አቶ ዜሮ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አየው። ውሃው አሁንም አርባ አንድ ላይ ነው።

"አልተበላሸም" አለ። "እንደነገርኩዎት ይጻፉት።"