የውዴ ጉንጭ

አገሬው ሐኪም ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ድሬሰር ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን ወደ ጎንደር እልካለሁ። ይህን የመጨረሻውን ሥራዬን በአግባቡ ብሠራ ኖሮ ዛሬ ሰው ፊት ቀና ብዬ እሄድ ነበር።

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ኮሶዬ አጠገብ ያለችውን ክሊኒኬን ሊጎበኝ መጣና አምስት ትንንሽ ቱቦ ሙጫ ትቶልኝ ሄደ። ቆዳ የሚያጣብቅ ሙጫ ነው። የቁስሉን ከንፈሮች በጣት ገጥመህ ትይዛለህ፣ ከላይ በስሱ ትቀባለህ፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ አለቀ። ክር የለ፣ ጩኸት የለ። በሳምንቱ ሙጫው ራሱ ተላጦ ይወድቃል። ሰውየው በአስተርጓሚ በኩል ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል፦ «ንጹሕ ቁስል ላይ ብቻ። ውሻ የነከሰውን አትዝጋ፤ ክፍቱን ይታከም።» ሁለት ጊዜም ገብቶኛል ብያለሁ።

በዚያ ሙጫ ልቤ አበጠ። በማጭድ የተቆረጠ እጅ፣ በድንጋይ የተፈነከተ ግንባር ስገጥም ሰው ተሰብስቦ ያየኛል፤ «እጁ የተባረከ!» ይለኛል። ሲያሞግሱት የሚጠላ ማን አለ? እኔም አመንሁ።

በጥር ሥላሴ ማግስት አያ ጎሹ የሚባል ገበሬ ልጁን ውዴን ይዞ መጣ። አክስቷ እማዋይሽም ተከትላለች። ውዴ ነጠላዋን ከፊቷ ስታነሣ ግራ ጉንጯ ከዓይኗ ሥር እስከ አፏ ጥግ ተተርትሯል። ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኛት ውሻ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ነክሷት ወደ ገደሉ ሮጠ። ሠርጓ ለአስተርእዮ ማርያም ነው። አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«ጌታየ፣ እንዲህ ሆኜ ሊያየኝ ነው?» አለችኝ። ሙሽራውን ማለቷ ነው።

ሙጫውን ሳወጣ እማዋይሽ እጄን ያዘችኝ። «ምነው ልጀ፣ የውሻ ንክሻ ይዘጋል እንዴ? ይፍሰስ እንጂ! መርዙ በየት ይውጣ?»

ሳቅሁ። «እናቴ፣ ጋን መሰለሽ እንዴ በቀዳዳ የሚንጠፈጠፍ?» አልኋት። አያ ጎሹም አብሮኝ ሳቀ።

የፈረንጁን ቃል ረስቼ አልነበረም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ አልረሳሁም። ግን ፊት ለፊቴ የምታለቅስ ልጅ አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ሙጫውን ይዣለሁ። ለይስሙላ በሳሙናና በውኃ አጠብሁት፣ ገጠምሁት፣ ቀባሁት። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሊወጡ ሲሉ አያ ጎሹን «ካመቻችሁ ጎንደር ወርዳችሁ የእብድ ውሻ መርፌ ብትወጋ ሸጋ ነበር» አልሁት። እጄን እየታጠብሁ ነው የነገርሁት፤ ፊቱን እንኳ አላየሁም።

«ስንት ቀን ነው?»

«አሥራ አራት። በየቀኑ፣ ሆዷ ላይ።»

የልጁን ጉንጭ አየ። ከአንድ ቀጭን መስመር በቀር ምንም የለም። «ድና የለም እንዴ?» አለኝ።

ማኪና ከደጃችን ያልፋል፤ ከቀትር በፊት ጎንደር ያስገባል። ትሞታለች፣ ዛሬውኑ ውሰዳት ብዬ መጮኽ ነበረብኝ። «ቁስሉስ ድኗል» አልሁት።

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ በላሁ፣ ጠጣሁ። ሰው የሙሽራዋን ጉንጭ እያየ እኔን ያሞግስ ነበር።

መጋቢት በገባ በአምስተኛው ቀን ባሏና ወንድሞቹ በቃሬዛ ይዘዋት መጡ። ውኃ በጣሳ ሲያቀርቡላት ጉሮሮዋ ይተናነቃል፤ በር ተከፍቶ ነፋስ ሲነካት ትጮኻለች። ያ በሽታ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት እንደሌለው እኔም እነሱም እናውቃለን። መሀል መሀል ልቧ ይመለስላትና እንደ ማንም ሰው «ጠማኝ» ትላለች። ጣሳው ሲመጣ እንደገና ይጀምራታል። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

አያ ጎሹ በቀብሯ ላይ፣ በሕዝብ መሀል፣ «እጅህ ይቆረጥ! ልጀን ከነመርዟ የደፈንህብኝ!» ብሎ ረገመኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ክሊኒኬን መርገጥ ተወ። ባዶ ቤት ተቀምጬ እርግማኑን ሳመነዥክ እከርም ነበር፤ ይገባኛል እል ነበር።

በአርባዋ ማግስት ጠዋት በሩን ስከፍት አያ ጎሹ ቆሟል። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ከጎኑ የነፍስ አባቱ ቄስ ሐብተ ማርያም አሉ። እግሬ ሥር ተደፋ።

«ማረኝ» አለ። «አንተማ ጎንደር ውሰዷት፣ አስወጓት ብለኸኝ ነበር። ሠርጉ እንዳይበላሽብኝ ብየ ልጀን የገደልኋት እኔ ነኝ። በክፉ አፌ አንተን ረገምሁ። ለአባቴ ተናዘዝሁ፤ ሄደህ ታረቅ አሉኝ።»

አንገቱ ከድንጋዩ ክብደት የተነሣ ይንቀጠቀጣል። ቄሱም፣ ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰውም አፍ አፌን ያየኛል። ማለት የነበረብኝን አውቀዋለሁ፦ ካመቻችሁ ነው ያልሁህ፤ ድኗል ያልሁህ እኔ ነኝ፤ አትዝጋ ተብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ድንጋዩን ለእኔ አሸክመኝ።

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሣሁና መሬት አስቀመጥሁት።

«ይቅር ለእግዜር» አልሁት።

ጉልበቴን ስሞ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ። በነጋታው ሕመምተኞቼ ተመልሰው መጡ።