አባቷን አንቱ ያለችው ዕለት

ባሌና ልጄ መከራከር የጀመሩት አገሪቱ ከጎረቤት አገሮች ኅብረት ትውጣ አትውጣ ከመባሉ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ልጅቷ አፍ ከፈታች ጀምሮ ማለት ይቻላል። ጫማ ማድረግ ለምን እንዳስፈለገ፣ ጨረቃ ለምን እንደምትከተለን፣ ያልተሟገቱበት ነገር የለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ሳሎኑ ጥግ ስለሆነ እየሰፋሁ ሁሉንም እሰማለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ጠበቃዋ መጣች» ይላል እሱ፤ እውነትም ጠበቃ ሆና አረፈችው። እሱ ደግሞ ከባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት ተነስቶ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ ኋላም የምክር ቤት አባል ሆነ። ድምፁ ግድግዳ ስለሚያናጋ ባልደረቦቹ «ደወሉ» ይሉታል። ሁለቱ ሲያያዙ ጎረቤት የተጣሉ እየመሰለው በር ያንኳኳ ነበር። ተጣልተው ግን አያውቁም። ሲደክመው «በይ፣ ለዛሬ አሸንፈሻል» ይላትና ሳህኑን አንስቶ ወደ ኩሽና ይገባል።

ነገሩ መልኩን የቀየረው ሕዝቡ እንውጣ ብሎ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው። መንግሥት ተደራዳሪ ቡድን ሲያቋቁም ልጄን በሕግ ባለሙያነት ወሰዳት። አባቷ ደግሞ ምክር ቤት ውስጥ መውጣቱን ከሚቃወሙት ፊተኛው ነበር።

ሁለቱም የየራሳቸው ቁስል ነበራቸው። ኅብረቱ ሳይመሠረት በፊት ነው፤ የባሌ ታናሽ እህት ምጥ ይዟት እሱ በሚሠራበት ባቡር ተሳፈረች። ቅርቡ ሆስፒታል ከድንበሩ ማዶ ነበር። ባቡሩ ድንበር ላይ ቆመ፤ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል ተባለ። ባሌ ለመነ፣ ጮኸ፣ የዘበኛውን እግር ያዘ። ሰውዬው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ እህቱም በሆዷ ያለውም አልነበሩም። ይህን ለእኔና ለልጁ አንዴ ብቻ ነግሮናል፤ በአደባባይ ግን ተንፍሶት አያውቅም።

የልጄ ቁስል በእኔ በኩል ነው። ወንድሜ ቆዳ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ኅብረቱ አዲስ ደንብ ሲያወጣ ፋብሪካው ማሟላት አቅቶት ተዘጋ። ወንድሜ «ሕጉን ያወጣው ማነው? የት ሄጄ ልጩህ?» እያለ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ፤ የሚመለከተው ሰው እዚህ አገር አልነበረም። መጠጥ ውስጥ ገባ፤ እንደገባም ቀረ። ልጄ ደግሞ አጎቷ ትከሻ ላይ ነው ያደገችው። እንግዲህ እኔ የትኛቸው ልክ ነው ልበል? አንዱ እህቱን፣ አንዷ አጎቷን ቀብረው ነው የሚከራከሩት።

አንድ ቀን የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለቱንም ጋበዘ። እኔማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሱን ኮት ተኮስኩ፣ የሷን እጅጌ አሳጠርኩ፤ ስርጭቱን ለማየት ሰፈርተኛው ሁሉ ቤቴ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ሳቅና ጨዋታ ነበር። መሐል ላይ ባሌ «ድንበር ሲዘጋ ሰው ይሞታል» አለ። ጋዜጠኛው ወደ ልጄ ዞረ።

«እርስዎ» አለች አባቷን እያየች፣ «እርስዎ የግል ሐዘንዎን ከአገር ፖሊሲ ጋር እያምታቱት ነው። የተከበሩ የምክር ቤት አባል፣ በሐዘን አገር አይመራም።»

ጋዜጠኛው ቶሎ ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ቤቴ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ።

ባሌ ሲመጣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንቱ አለችኝ» አለኝ።

«ቴሌቪዥን ስለሆነ ነው እንጂ፤ ለወጉ ነው» አልኩት።

«ሐዘኔን በማንሳቷ አይደለም። ክርክር ነው፣ ይነካካል። ግን አንቱ አለችኝ እኮ። እንደማታውቀው ሰው።»

ለልጄ ደወልኩ። «ምነው ልጄ?» አልኳት።

«እማዬ፣ አንተ ብለው ኖሮ ለአባቷ ታዳላለች ሊባል ነው። ተጨንቄ ነው ከአፌ የወጣው። አባዬ ይገባዋል።»

«እንግዲያው ነይና ራስሽ ንገሪው።»

«ድርድሩ ይለቅና እመጣለሁ።»

ድርድሩ ግን አላልቅ አለ። የጉምሩኩ ሲያልቅ የወደቡ ይመጣል፣ የወደቡ ሲያልቅ የተማሪዎቹ። እሷ ከአውሮፕላን ወርዳ አውሮፕላን ነው። እሱም ስልኩ ሲጠራ ስሟን ያይና ለእኔ ያቀብለኛል፤ «በሉ እናንተ አውሩ።» መኩራት ነው እንግዲህ። በዚህስ ቁርጥ አባትና ልጅ ናቸው።

ረቂቅ ስምምነቱ ለምክር ቤት በቀረበ ዕለት ባሌ ማልዶ ተነሳ። ክራቫቱን ሲያስር እጁ አልታዘዝ አለው፤ እኔ አሰርኩለት። ድካም ነው ብለን አለፍነው።

«ዛሬ ስለ እህቴ እናገራለሁ» አለኝ። «በሐዘን አገር አይመራም ብላለች፤ ልክ ናት። ሐዘንን ረስቶም ግን አይመራም። ይህን ልነግራት ነው። ሌላው ቢሰማም ባይሰማም ግዴለኝም።»

ከእንግዶች መቀመጫ ሆኜ አያለሁ። ልጄ ከባለሙያዎቹ ጋር ከሚኒስትሩ ጀርባ ተቀምጣለች። አፈ ጉባኤው ዕድል ሲሰጡት ባሌ ተነሳና ቀጥታ እሷን አያት።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አንድ ባቡር...» አለ። ከዚያ «ባቡር... በቡር... ማሩን ዝጉት... ማሩን» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ደወሉ ሲቀልድ ያውቁታላ! አንዱ ከወዲያ በኩል «ይድገሙልን!» ብሎ ጮኸ። እሱም ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ፈገግታው ግን በአንድ ጎን ብቻ ቀረ።

ሰው ገና እየሳቀ ሳለ ልጄ ብድግ አለች። «አባዬ!» ብላ ጮኸች። የሚኒስትሩን ወረቀት በትና፣ ሰው ረግጣ፣ ጫማዋ ወልቆ ሮጠች፤ ራሱ ወለሉን ሳይመታው ደረሰችለት። «አባዬ! አንተ! እየኝ፣ እኔን እየኝ!» ትለዋለች። ሳቁ ያኔ ነው የቆመው።

ሆስፒታል እንደገባን ኮቱን በመቀስ ቀደዱት። እኔው የሰፋሁት ኮት ነው፤ በስፌቱ በኩል ቢተረትሩት በቀላሉ ይለቅ ነበር። እንደዚያ ባለ ሰዓት ሰው የሚያስበው ነገር! ሐኪሟ ስትሮክ ነው አለችን። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ንግግሩ ግን ሄዱ። የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «አይደለም»። እንዲህ ያጋጥማል አለች ሐኪሟ። ውሃ ልስጥህ ስለው እጁን ወደ ብርጭቆው እየዘረጋ «አይደለም» ይላል። አመመህ ስለው እንባው እየወረደ «አይደለም» ይላል። ቤት ከገባን በኋላ የፓርቲው ሰዎች ሊጠይቁት መጥተው «ስምምነቱ እኮ ጸደቀ» ሲሉት «አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ይኸው፣ አሁንም ይቃወማል!» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ልጄ ፈቃድ ወስዳ እኛ ጋ ገባች። ባልደረቦቿ ድላቸውን ሲያከብሩ እሷ አባቷን በማንኪያ ታበላለች። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ታነብለታለች፣ ከዚያ ትከራከረዋለች። የእሱንም ፋንታ የምትናገረው እሷው ናት። «አሁን አንተ ብትሆን የምትለኝ እንዲህ ነው» ብላ የእሱን ነጥብ አሳምራ ታቀርብለትና ቀጥላ ትመልስለታለች። እሱ ዓይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም። ሐሳቧን ቀየረች እንዳትሉ። «አሁንም መውጣታችን ልክ ነው እላለሁ፣ እማዬ። ቢያመኝም ልክ ነው» ብላኛለች።

አንድ ቀን ጥፍሩን እየቆረጠችለት፣ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ ያን ቀን በቴሌቪዥን... ይቅር ብለኸኛል?» አለችው።

«አይደለም» አላት።

መቁረጫው እጇ ላይ ቀረ። እሱ ራሱ ደነገጠ፤ የወጣችውን ቃል ሰምቷታላ። ራሱን ነቀነቀ፣ ግራ እጁን አወናጨፈ፣ ፊቱ ደም እስኪመስል ታገለ። «አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም!»

«ሌላ ቃል የለውም እኮ ልጄ» አልኩ።

«አውቃለሁ እማዬ» አለች። «አውቃለሁ።»

ታውቃለች። ግን ጆሮዋ የሰማው ሌላ ነው። ግራ እጁን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው፤ እሱም ፀጉሯን ጭብጥ አድርጎ ያዘ፤ እንቅልፍ እስኪወስደው አልለቀቃትም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሕመሙ ተመለሰበትና አረፈ። ለቀብሩ የሁለቱም ወገን ሰዎች መጥተው ጎን ለጎን ቆሙ። ልጄን ንግግር አድርጊ ቢሏት እምቢ አለች።

አሁን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው ሁሉ «ታዲያ መውጣቱ በጀን ወይስ ጎዳን?» ይለኛል። የተከፈተ ፋብሪካ አለ፣ የተዘጋም አለ። እኔ ምኑን አውቄው። ልጄ በዕረፍት ቀኗ ትመጣለች። ስለ ሥራዋ አታነሳም፤ እኔም አልጠይቃት። በቀደም ምሳ እየበላን ዝምታው ቢከብደኝ ሆን ብዬ «እኔስ መውጣታችን ስህተት ነው ባይ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አውቃታለሁ። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማዬ፣ አንቺ እንደ አባዬ አትሟገቺኝ» አለችኝ። «አልችልም።»

መብላቷን ቀጠለች። እኔም ውሃ ቀዳሁላት።