የጋሼ ዜሮ ቡናማ ጠርሙስ

ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነውና ይገባዋል ይባል ይሆናል። እኔ ግን የሠራውን ካወቅኩ ወዲህ አፌ አልታዘዝ ብሎኛል፤ እሱ እያልኩ ልቀጥል። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ጋሼ ዜሮ ነበር፤ ዜሮ መስጠት ስለሚወድ ነው። ስሙን ሰምቶታል። አልከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፣ ጉድ በሉ።

ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አቃተው። አንድ ልጁና ባሏ እሱው ቤት ነው የሚኖሩት። ልጁ አዋላጅ ነርስ ናት፣ ፈረቃ ትገባለች፤ ብቻውን ሲውል ከግድግዳ ጋር እንዳይጣላ ብላ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ገዛችለት። ስልሳ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሳጥን ነው፣ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ። ውስጡ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አሉ፤ ጥቂት ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ጣቶቹን እንደ ሣር የሚያወዛውዝ ተክል የሚመስል የባሕር እንስሳ፣ አንድ አረንጓዴ ኮራል አለ። ዓሦቹ የሚተኙት ኮራሉ ውስጥ ነው። ሳጥኑ የቆመበትን ጠረጴዛ የሠራው፣ ቱቦውን የዘረጋው፣ ማሞቂያውን የገጠመው የልጁ ባል ነው። ምስጋና? አታስቡት።

የልጁ ባል ቦይለር ጠጋኝ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ስድብ ሲወረወርበት ስቆ የሚያልፍ ሰው። ጋሼ ዜሮ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። “ቦይለሩ ገባ?” “ቦይለሩ በላ?” ይላል፣ ሰውየው እዚያው ቆሞ እየሰማ።

አሁን ስለ ውሃው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የጨው ውሃ ውስጥ አልካሊኒቲ የሚባል ነገር አለ። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ስንቅ ነው በሉት። ሲያንስ ኮራሉ ይከሳል፤ ሲበዛ ይቃጠላል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ላይ ከዋለ ሰላም ነው። መለካቱም ከባድ አይደለም፤ ከውሃው ትንሽ ወደ ብልቃጥ ይቀዳል፣ መለኪያው ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ ሰማያዊው ቢጫ እስኪሆን ስንት ጠብታ እንደፈጀ ይቆጠራል። ስምንት ጠብታ ከፈጀ ስምንት ነው። ልጅ ይሠራዋል።

ጋሼ ዜሮ ግን ልጅ አይደለማ! ፈሳሹ የመጣበትን የላስቲክ ጠርሙስ ሲያይ ከንፈሩን ጠመዘዘ። “ይሄ የአሻንጉሊት ዕቃ ነው” አለ። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ለመታሰቢያ ይዞት የወጣ ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ ነበረው፤ ክዳኑ ላይ የጎማ መምጠጫ ያለበት፣ ያረጀ ያፈጀ። ፈሳሹን ወደዚያ ገለበጠ፤ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ስሙን ጽፎ ለጠፈበት፤ ከዚያ ፀሐይ እንደልቧ የምታገኘው የመስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ለካና ስድስት ሆነበት። “አንሷል” አለ። አልካሊኒቲ የሚጨምረውን ነጭ ዱቄት በማንኪያ በጥብጦ ጨመረ። በማግስቱም ስድስት። ሁለት ማንኪያ ጨመረ። በሳምንቱ አምስት ተኩል። “ደደብ ውሃ!” ብሎ ጮኸበት። ውሃን ደደብ ብሎ የሚሳደብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮራሉ ጣቶቹን ሰበሰበ፤ ጫፍ ጫፉ ነጣ። ጋሼ ዜሮ ሦስተኛ ማንኪያ አነሣ።

አንድ ቀን የልጁ ባል ከሥራ ገብቶ፣ እንደ ወትሮው እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ገንዳው ፊት ጎንበስ አለ።

“አባባ፣ ይህቺን ማሞቂያ አይተዋታል?”

“ምን ሆነች?”

“ጠጠር ለብሳለች።” እጁን ሰደደና በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋት፤ ነጭ ቅርፊት ተነሣ። “ቦይለር ውስጥ እንዲህ የሚሆነው ውሃው ከሚችለው በላይ ሲሸከም ነው። ሙቀት ባለበት በኩል ይጋገራል። የሚጨምሩት በዝቶ እንዳይሆን? እስቲ ለሁለት ሦስት ቀን ቢተዉት...”

ጋሼ ዜሮ ከወንበሩ ሳይነሣ ከላይ እስከ ታች አየው።

“ኬሚስትሪ ስንት አምጥተህ ነበር?”

“ኧረ እኔ ከአሥረኛ ነው ያቋረጥኩት፣ አባባ።”

“ስንት?”

“ሠላሳ ሁለት።”

“ከመቶ?”

“ከመቶ።”

“ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። እጅህን ከውሃዬ አውጣ።”

ሰውየው እጁን አወጣ፤ ሱሪው ላይ ጠራረገና ፈገግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

በሦስተኛው ቀን የኮራሉ ግማሽ ሥጋ ከአጥንቱ ተላቆ ወደቀ። አንደኛው ዓሣ በተራቆተው አጥንት ዙሪያ መግቢያ እንደጠፋው ይዞራል። ጋሼ ዜሮ ደነገጠ። ይህን አልነፍገውም። ያ ኮራል ከጡረታ ወዲህ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣበት ምክንያት ነበር። ግን ድንጋጤው ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ ጥፋተኛ አገኘለት።

“መዳብ!” ብሎ ጮኸ። ልጁ ከፈረቃ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። “መዳብ ለኮራል መርዝ ነው! ባልሽ ቀኑን ሙሉ የመዳብ ቱቦ ሲያሻሽ ውሎ መጥቶ እጁን ነከረበት። ገደለብኝ!”

መዳብ ኮራል ይገድላል፤ ይህ እውነት ነው። ውሸት እንዲህ በእውነት ተጠቅልሎ ሲመጣ ማን ይጠረጥራል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

“ታጥቤ ነበር” አለ ባልየው። “እስከ ክርኔ።”

“ባትነካው ምን ነበረበት?” አለችው ሚስቱ፣ በድካም። “አባዬ ስንት ጊዜ ነግሮሃል!”

ባልየው ትክ ብሎ አያት። የአባቷን ስድብ ሁሉ ሲስቅበት ኖሯል፤ የእሷን አንድ ንግግር ግን አልቻለውም።

“እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ እጄን ስታጠብ ኖርኩ” አለ። “እስካሁን ካልጠራ፣ በቃ፣ አይጠራም ማለት ነው።”

የመፍቻ ቦርሳውን አንሥቶ ወንድሙ ጋ ሄደ።

አንድ ሌሊት ያድርና ይመለሳል ተባለ። አልተመለሰም። አራት ቀን ሆነ። ልጅቷ ፈረቃዋን ጨርሳ ትገባለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ታያለች። በአራተኛው ቀን አባቷ ፊት መጥታ ቆመች።

“ውሃውን ወስደህ አስመርምር፣ አባዬ። መዳብ ካለበት ይቅርታ እንዲጠይቅህ አደርጋለሁ። ከሌለበት ግን አንተው ራስህ ሄደህ ትመልሰዋለህ። ትዳሬ ነው፤ ቀልድ አይደለም።”

“በደስታ!” አለ። እርግጠኛ ነበራ።

የዓሣ ሱቁ ባለቤት የድሮ ተማሪው ነው። ሲያየው “ቲቸር!” ብሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። “ሦስቴ ዜሮ የሰጡኝ እኔ ነኝ፤ ያስታውሱኛል?”

“አንተን ማን ይረሳል። ለመሆኑ አሁን የምትሸጠውን ታውቀዋለህ?”

ባለሱቁ ሳቀና ውሃውን ተቀበለ። መዳብ ፈለገ፤ የለም። ደገመ፤ አሁንም የለም። “ቅንጣት የለም፣ ቲቸር” አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ አልካሊኒቲውን መለካት ጀመረ። ስድስተኛው ጠብታ ወረደ፤ ሰማያዊ። ዘጠነኛው፣ ሰማያዊ። አሥራ ሁለት፣ ሰማያዊ። አሥራ አምስተኛው ላይ ቢጫ ሆነ።

“ፈሳሽህ የተበላሸ ነው” አለ ጋሼ ዜሮ።

ባለሱቁ ያልተከፈተ ካርቶን ፈታ፤ አሥራ አምስት። ጋሼ ዜሮ ቡናማውን ጠርሙስ ከኮቱ ኪስ አወጣ። “መለኪያ ማለት ይሄ ነው፤ ተማር” አለው። በሱ ሲለካ ስድስት ሆነ። ባለሱቁ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አነሣ፤ የጎማ መምጠጫውን በሁለት ጣቱ ጨመቀ፤ ጎማው ስንጥቅ በስንጥቅ ነበር።

“ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት? በዚህ ስንጥቅ የፈሳሹ ውሃ ተንኗል፣ ውስጡ ያለው አሲድ ወፍሮ ቀርቷል። አንዷ ጠብታ የሁለት ተኩል ሥራ እየሠራች ነው። ስለዚህ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፤ እርስዎ አነሰ ብለው ይጨምራሉ፤ በጨመሩ ቁጥር ይብስበታል።” ቆም አለ። “ማሞቂያው ጠጠር አልለበሰም?”

ጋሼ ዜሮ ጠርሙሱን ከእጁ ነጥቆ ኪሱ ከተተ።

“ዱቄቱን ይተዉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይቀይሩ፤ በአንዴ እንዳይወርድ። የተረፈው ይድናል። አይጨነቁ ቲቸር፣ ማንም ላይ የሚደርስ ነው።” አዲስ መለኪያ በላስቲክ ጠርሙሱ አስያዘው። ሦስት ዜሮ ያሸከመው ልጅ አዘነለት፤ ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገበው ይሄ ነበር።

የወንድምየው ቤት ከሱቁ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ጋሼ ዜሮ ጥጉ ላይ ደርሶ ቆመ። የሚለውን በልቡ ሞከረው፤ “ልክ ነበርክ”። ሁለት ቃል ናት። ሠላሳ ሁለት ከመቶ ላመጣ ሰው! ምላሱ እንቢ አለው። ቡናማውን ጠርሙስ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣለና ወደ ቤቱ ዞረ።

ልጁ በር ላይ ጠበቀችው። “እህስ?”

“መዳብ ነው” አለ። “ትንሽ ነው፤ ግን አለ።”

በሩን ተደግፋ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ለባሏ ደወለችለትና አባቷን ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገረችው። ምን እንዳላት አልሰማንም። አጭር ነበር፤ ይቅርታ ሊጠይቅም አልመጣም።

ጋሼ ዜሮ ዱቄቱን ተወ። በየቀኑ አንድ ማሰሮ ውሃ አውጥቶ አንድ ማሰሮ አዲስ የጨው ውሃ ጨመረ። ያ ቦይለር ጠጋኝና ያ ባለሱቅ ያሉትን ነው እኮ የሚሠራው፣ ያውም ተደብቆ፣ ልጁ ሥራ ስትሄድ እየጠበቀ! ማሞቂያዋንም በሆምጣጤ ፍቆ አነጣት። በሦስተኛው ሳምንት የቀረው ኮራል ጣቶቹን ዘረጋ፤ ዓሦቹ ገብተው ተኙበት። ልጅቷ መስታወቱ ፊት ቆማ ብዙ አየችው።

“እሱ ከሄደ ወዲህ ዳነ” አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይበሉ! እዚያ ቤት እያደር የጠራው ውሃው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ባልየው ልብሱን ሊወስድ መጣ። ሚስቱ መኝታ ቤት ሆና ትሰበስብለታለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል። እሱ ሳሎን ቆሞ ሲጠብቅ ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ገንዳው ሄደ። ጎንበስ አለ። ማሞቂያዋን አየ፤ ንጹሕ ናት። የዱቄቱን ቆርቆሮ አየ፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። ሥራው ከጠጠር ጋር የሆነ ሰው ምን አስተርጓሚ ያስፈልገዋል?

“መጨመሩን ተዉት” አለ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ዜሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ናት፤ በሩ ክፍት ነው፤ ሰውየው ፊቱ ቆሟል። አሁን ነው፣ አንተ ሰውዬ! አሁን ተናገር!

“ውሃ ቀያየርኩ” አለ።

ባልየው ወደ መኝታ ቤቱ በር አየ። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ያ “ባትነካው ምን ነበረበት” ያለችው ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። “ጥሩ አደረጉ፣ አባባ” አለ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ለመሰናበት ዘረጋለት። ጋሼ ዜሮ ጨበጠው። ንጹሕ እጅ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ልጅቷ ሻንጣውን አስረክባ፣ በሩን ዘግታ፣ ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስ አባቷ ብልቃጡ ላይ ተደፍቶ ጠብታ ይቆጥራል። ሌላ የሚያይበት ቦታ አልነበረውም።

“ስንት ሆነ?” አለችው።

“ስምንት።”

“ጎበዝ፣ አባዬ” አለችና ትከሻውን ነካ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።